በሕይወት ላለ ሰው የተነፋ ጥሩምባ

ባለፈው ማክሰኞ ንጋት ላይ ጥሩምባ ቀሰቀሰኝ። ሲዘንብ አድሮ አባርቷል፤ በጎረቤት ጓሮ ከእንሰቱ ቅጠል ላይ ውኃው ጠብ ጠብ ይላል። የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ላሊሶ አርጅተዋል፤ አንዴ ይነፉና ቆም ብለው ይተነፍሳሉ። በሦስተኛው ላይ በራችን አጠገብ ደረሱ። «እድርተኞች! የእድራችን አባል ወይዘሮ ዘነበች አርፈዋል! ቀብራቸው ዛሬ በሰባት ሰዓት ነው!»

አልጋዬ ላይ ተነሥቼ ተቀመጥኩ። ከእሳቸው ቤት ሞት ሲለፈፍ ስሰማ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያውን ያስለፈፍኩት እኔ ነበርኩ።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ነው፤ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ከእማማ ዘነበች ልጅ ከዮናስ ጋር ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ተምረናል። ሌላው ጓደኛችን ቢንያም ሠርግ የሚቀርጽበት ካሜራ ነበረው። እኔ ደግሞ ኢንተርኔት ቤት እየተቀመጥኩ ቪዲዮ መቁረጥና መቀጠል ለብቻዬ ተምሬአለሁ። ሦስታችንን ያገናኘን አንድ ሱስ ነው፤ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩ፣ ማን እንደሠራቸው የማናውቃቸው አስፈሪ ፊልሞች። አንዱ ፊልም ውስጥ አራት አምስት አጫጭር ታሪክ ይታጨቃል፤ እያንዳንዱን የሠራው ሌላ ሰው ነው፤ እጅ እንዳጠራቸው ከሩቅ ያስታውቃል። ደሙ ድልህ ይመስላል። የጭራቁ ጭንብል የታሰረበት ክር ይታያል። ሁለቱ ታሪክ አይረባም፣ አንዱ ያስቃል። አንዱ ግን ሳምንቱን ሙሉ ከኋላህ ይከተልሃል።

ለምን እንደምንወዳቸው ብዙ አስቤበታለሁ። ሁሉም ታሪክ ጥሩ ቢሆን ኖሮ ተጠንቅቀን እናይ ነበር። በመጥፎው ስንስቅ ግን እንዘናጋለን። በከተማችን ሐይቅ ዳር ጥብስ ዓሣ የበላ ሰው ያውቀዋል፤ እሾህ ጉሮሮ የሚይዘው እየሳቁ ሲበሉ ነው።

እኛም አንድ እንሥራ አልን፤ ለየራሳችን አንዳንድ ታሪክ። የቢንያም፣ ጅብ ስለሚሆን ሰው ነበር፤ ጭንብሉን ከፍየል ቆዳ ሠርቶት ከጅብ ይልቅ የተቆጣ በግ መሰለ። የዮናስ፣ ከሐይቅ ስለምትወጣ ነጭ ለባሽ ሴት ነበር፤ አንሶላ ያለበሳት የአክስቱ ልጅ እስከ ጉልበቷ ውኃ ውስጥ እንደገባች ጉማሬ ብቅ አለ። ካሜራው ሳይጠፋ ሁላችንም እግሬ አውጪኝ አልን። ያ ሩጫ ከጻፍነው ሁሉ ስለተሻለ ፊልሙ ውስጥ ቀረ።

የእኔ እንዲህ ነበር፤ አንድ ሰው በሩ ላይ ተቀምጦ ጥፍሩን ሲቆርጥ ጥሩምባ ነፊ ያልፋል፤ ሞተ ብሎ የሚለፍፈው ያንኑ ሰው ነው። ደም የለም፣ ጭራቅ የለም። ሰውየውን የሚሠራው ዮናስ ነው። ጥሩምባ ነፊው ግን ተዋናይ እንዲሆን አልፈለግሁም። ራሳቸው ጋሽ ላሊሶ፣ በዚያው ጥሩምባ፣ በሰፈራችን መንገድ፣ የዮናስን እውነተኛ ስም እንዲጠሩ ፈለግሁ።

«በሕይወት ያለ ሰው በጥሩምባ አይጠራም» አሉ ጋሽ ላሊሶ። «ሌላ ስም ስጡኝ። አበበ ልበል።»

«አበበ ሲባል ዮናስ አይደነግጥማ ጋሼ» አልኳቸው።

ዮናስ ሳቀ። «እኔ ልሙት ጋሼ፣ ምንም ችግር የለውም!»

«አፍህን ያዝ፣ አንተ!» ብለው በጥሩምባው ጫፍ ትከሻውን ነካ አደረጉት። ቢሆንም እሺ አሉ።

ቀጠሮው ሐሙስ ጠዋት ዮናስ ደጅ ነበር። ዮናስ ሐሙስን የመረጠው እናቱ ገበያ ስለሚውሉ ነው። ጎረቤቱንም በየበሩ ዞሮ አስጠንቅቋል። ጠዋት ተሰበሰብን፤ እኔ ግን ብርሃኑን አልወደድኩትም። ፀሐይዋ የዮናስን ፊት ታነጣዋለች። አሥር ሰዓት ይሁን አልኩ፣ የዛፉ ጥላ ግድግዳው ላይ ሲረዝም። ስለ ጥላው ሳስብ እናቱ ከገበያ ስለሚመለሱበት ሰዓት አላሰብኩም።

በአሥር ሰዓት ጥላው እንደፈለግሁት ረዘመ። ጥሩምባው ተነፋ። «እድርተኞች! የእድራችን አባል የወይዘሮ ዘነበች ልጅ ዮናስ አርፏል!» እኔ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ የድምፅ መቅጃውን ይዣለሁ። ጩኸቱ የመጣው ከመንገዱ መታጠፊያ በኩል ነው። እማማ ዘነበች በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ተሸክመው ይመጡ ኖሯል። ጩኸቱን እዚህ ልገልጸው አልሞክርም። ቆጮው ወደቀ፤ እሳቸውም በጉልበታቸው ወደቁ። ዮናስ ወደ እናቱ ሮጠ። ጋሽ ላሊሶ ጥሩምባቸውን እንደ ልጅ ከጀርባቸው ደበቁ። እኔ ከቆምኩበት አልተንቀሳቀስኩም። መቅጃውንም አላጠፋሁትም። ድምፁ ጥርት ብሎ እየገባ ነበር፤ በዚያች ሰዓት ያንን ማሰቤን አልረሳውም።

በማግስቱ ዮናስ ቤቴ መጣ። «የእማዬን ድምፅ አውጣው» አለኝ።

«እሺ» አልኩት።

አላወጣሁትም። የሌላ ሴት ጩኸት አስገብቼ ሞከርኩ፤ ያለ ጩኸትም ሞከርኩ። የእኔም ታሪክ እንደ ጅቡ ሊያስቅ ሆነ። ስለዚህ የእናቱን መለስኩት። ከጩኸቱ በኋላ ያለውን ግን ፍርሃቱን ያረግበዋል ብዬ ቆረጥኩት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ፊልሙን በተዋስነው አዳራሽ ለሰፈሩ ሰው አሳየን። ሰው በጅቡ ሳቀ፣ ለጉማሬው አጨበጨበ። የእኔ ሲጀምር ገና እየሳቁ ነበር። ከዚያ ጩኸቱ መጣ። አንድ የፕላስቲክ ወንበር እንኳ አልተንቋቋም። የተመኘሁት ዝምታ ያ ነበር። ዮናስ ዞሮ አየኝ፤ ተነሥቶ ወጣ። ፊልሙን ዳግመኛ አላሳየንም። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። እናቱ ግን ባዩኝ ቁጥር «ምነው ጠፋህ፣ ልጄ?» ይሉኝ ነበር።

ማክሰኞ ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ንፍሮ በሳህን እየዞረ ነበር። ዮናስ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ያ ቅጂ አለህ?» አለኝ።

«የቱ?» አልኩ፣ የቱን እንደሆነ እያወቅሁ።

«የእማዬ። ፎቶ እንጂ ድምፅ የለኝም። ስልክ ስናወጣ ታፍራለች፣ ዝም ትላለች።»

እኔ የቀዳሁትን ነገር አልጥልም። ቤት ሄጄ ያልተቆረጠውን ስልኬ ላይ ገልብጬ ተመለስኩ። ከድንኳኑ ጀርባ ቆመን ማዳመጫውን ለሁለት ተካፈልን። ጩኸቱን አልፌ፣ ያኔ ከቆረጥኩት ቦታ ጀመርኩለት። የሚሮጥ እግር፤ ትንፋሽ። ከዚያ እሳቸው፤ «አለህ? አለህ እንዴ ልጄ?» ቀጥሎ ጥፊ። «ቆጮዬን አስጣልከኝ! አንሣው እንጂ፣ አፈር ሆነ እኮ!» ከሩቅ ጋሽ ላሊሶ «ማሪኝ፣ ዘነበች» ይላሉ።

ዮናስ ሳቀ፤ ሳቁ መሐል ላይ ለቅሶ ሆነ። «ድገመው» አለ። ከዚያው ቦታ ልጀምርለት ስል እጄን ያዘኝ።

«አይ፤ ከጩኸቱ ጀምርልኝ። እሱም እኮ ለእኔ ነው።»

ማዳመጫውን ከጆሮዬ አውጥቼ የእኔንም ሰጠሁት።

ከሦስቱ ታሪኮች ጥሩው የእኔ ነበር እያልኩ ለራሴ ስነግር ኖሬአለሁ። አሁን የሚመስለኝ ጥሩው ቆርጬ ያስቀረሁት ነው። ዛሬ ንጋት ላይ ጋሽ ላሊሶ እንደገና ነፉ፤ እስኪናገሩ ድረስ እንደ ልማዴ ትንፋሼን ያዝኩ። የጠሩትን ሰው አላውቀውም። ከመታጠፊያው በኩል ግን አንዲት ሴት ጮኸች። የጫማዬን ክር ሳላስር ወደ እሷ ወጣሁ።