አውራ ጣት የሌለው ይግባኝ

ባለፈው ሳምንት ለአዲሱ መታወቂያ ልመዘገብ ጎፋ ሄጄ ነበር። ከማሽኑ ኋላ የተቀመጠችው ልጅ፣ “አባባ፣ የቀኝ አውራ ጣትዎን እዚህ ጋ ያስቀምጡልኝ” አለችኝ። እጄን ከጋቢዬ ሥር አውጥቼ ዘረጋሁላት። አውራ ጣቴም ሌባ ጣቴም የሉም፤ የቀሩት ሦስቱ ናቸው። ልጅቱ ደንግጣ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ እኔ ግን ሳቄ መጣ። ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ ሳቅሁ። ለካ ማሽኑ ላይ “ጣቱ የለም” ብላ የምትነካው ቦታ አላት። በኛ ጊዜ ወረቀቱ እንዲህ ያለ ቦታ አልነበረውም።

ጣቶቼን የተውኳቸው ምሥራቅ ግንባር ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከሆስፒታል ስወጣ ላፍቶ አክስቴ ቤት ገባሁ። ያኔ ላፍቶ ገጠር ነው፤ ከአክስቴ አጥር ወዲያ የጤፍ ማሳ፣ ከማሳው ወዲያ ጭቃ። ዛሬ ፎቅ ከቆመበት ቦታ ላይ ጭቃ ጫማዬን ነጥቆ አስቀርቶብኛል ብል የልጅ ልጆቼ አያምኑኝም።

ንፋስ ስልክ አንድ ፋብሪካ ለቁስለኛ ወታደር የጥበቃ ሥራ ይሰጥ ነበር። ለዚያ ግን “በግዳጅ ላይ የቆሰለ” የሚል ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀቱ ካልመጣ አገሬ መመለሴ ነው። አገሬ ያለው ሥራ ደግሞ እርሻ ነው፤ እርፍ በሦስት ጣት አይያዝም። ሞክሬ አይቼዋለሁ።

ወረቀቱን ለሚሰጠው የሠራዊቱ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ አስገባሁ። ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ፊርማዬ አሻራ ነው። ያለኝን አውራ ጣት፣ የግራውን፣ አሳረፍኩ። በሁለት ወሩ መልስ መጣ፤ ጎረቤታችን አስተማሪው አነበበልኝ። ስቀጠር የሰጠሁት የቀኝ አውራ ጣት አሻራ ነው፣ አሁን የቀረበው ከዚያ ጋር አልተመሳሰለም፣ ስለዚህ ቆሰልኩ የሚለው ሰው እኔ መሆኔ አልተረጋገጠም፤ ቅር ካለኝ በሠላሳ ቀን ውስጥ ይግባኝ ልበል። ተመልከቱልኝ እንግዲህ። ጣቴ መቆረጡን ላስረዳ ብሄድ የተቆረጠውን ጣት አምጣ አሉኝ።

አገሬ ልግባ ብዬ ጓዜን ማሰር ጀመርኩ። አክስቴ ወይዘሮ በላይነሽ ምላሷ ስለት ነው። በሩ ላይ ቆማ አየችኝና፣ “እኔ ጣትህን ብቻ ጥለህ የመጣህ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ወኔህንም ነው” አለችኝ። ጓዙን ፈታሁት።

ወቅቱ ፍልሰታ ነበር። እሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፤ ለእኔ ግን ቁስለኛ እህል ይቅመስ ብላ በጠዋት የሱፍ ፍትፍት አበላችኝ፣ የተቀቀለ በቆሎ ኪሴ ውስጥ ከተተችልኝ። ዝናቡን እየጠጣሁ መሃል ከተማ በእግሬ ገባሁ።

ከመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ጋሽ ተክሌ የሚባል ማመልከቻ ጻፊ በትልቅ ጃንጥላ ሥር የጽሕፈት መኪናውን ዘርግቶ ይተይባል። ጉዳዬን ሰማ፣ እጄን አገላብጦ አየ፣ ከዚያ የራሱን አውራ ጣት ቀስሮ፣ “ይሄን ላውስህ? ከቃል እስከ ቃል ክፍት ቦታ ከመዝለል በቀር ሥራ የለውም” አለ። ባለጉዳዩ ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። እየሳቅሁ ሳለ ግን አንድ ነገር መጣልኝ። ቀኝ አይደል ያሉት? ቀኝ ይሁንላቸዋ። ይግባኙ ተጽፎ ሲያልቅ የቀኝ እጄን ጠባሳ ቀለሙ ውስጥ ነከርኩና ግርጌው ላይ አሳረፍኩት።

“ይሄ እኮ የፈሰሰ ወጥ ነው የሚመስለው” አለኝ ጋሽ ተክሌ።

መዝገብ ቤት ወረቀቱ ተበላሽቷል፣ ሌላ አምጣ ብሎ አልቀበልም አለ። እኔም አልነሳም ብዬ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ሲዘጉ እወጣለሁ፣ ሲከፍቱ እገባለሁ። በሦስተኛው ቀን እኔን ለመገላገል ይመስለኛል፣ ይግባኝ ሰሚዎቹ ዘንድ አስገቡኝ። ሦስት ናቸው። ሰብሳቢው መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ መኮንን ነበሩ።

“ይሄ ምንድን ነው?” አሉኝ ግርጌውን እያሳዩ።

“የቀኝ አውራ ጣቴ ነው ጌታዬ።”

“ጣት አይመስልም።”

“እንዲህ ያደረገው ጥይት ነው። ቀኙን አላችሁ፤ ያለኝ ቀኝ ይሄ ነው” ብዬ እጄን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት።

እጄን አዩ፣ ወረቀቱን አዩ፣ እንደገና እጄን አዩ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ተቆጡ ብዬ ነበር፤ ሳቅ ነው። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉና ጥግ ላይ ወደተቀመጠው፣ የመጀመሪያውን ውሳኔ ወደጻፈው ጸሐፊ ዞሩ።

“ይሄን ሰው አይተኸዋል?”

“ማኅደሩን ነው ያየሁት ጌታዬ።”

“እንግዲያው ማኅደሩ በእግሩ መጥቷል፤ እየው” አሉት።

“በግዳጅ ላይ የቆሰለ” የሚለውን ወረቀት በዚያው ቀን ማኅተም አድርገውበት ሰጡኝ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ጫማዬን አውልቄ በጭቃው እየሮጥኩ ስደርስ አክስቴ የጾም ምሳዋን ልትቀምስ ነው። እሷም እንደኔ ፊደል አታውቅም። ወረቀቱን ይዘን ማኅተሙ እንዴት ያምራል እያልን ስናደንቅ አስተማሪው መጣና ገልብጠን መያዛችንን ነገረን። አቃንቶ ሲያነብልን አክስቴ እልልታዋን ለቀቀችው፤ የማሳው ወፍ ሁሉ ተነሳ።

ፋብሪካው በር ላይ ሠላሳ ዓመት ቆምኩ። ፊደልም የቆጠርኩት እዚያው ጥበቃ ቤት ነው፤ ይሄንንም የምጽፈው በግራ እጄ ነው፣ መስመር ብስት ቅር አይበላችሁ።

ወሬው ዞሮ ዞሮ አሁን ጉዳይ የተበላሸበት ሰው እኔ ዘንድ ይመጣል። ሕግ አላውቅም፤ አብሬ ሄጄ መቀመጥ ነው የማውቀው። ባለፈው ወር አንድ ጡረተኛ ሾፌር ከፉሪ መጣ። ጉልበቱ በሥራ ላይ መጎዳቱ አልተረጋገጠም ተብሏል። እንዲህ ያሉት ዘንድ አብረን ሄድን፤ ደብዳቤውን ለጊዜው አስቀምጡትና ጉልበቱን እዩልን አልኳቸው። ተነስተው አዩት። ውሳኔው ገና ነው። ሰውየው ግን ደረጃውን ሲወርድ ያፏጫል። ገና ሳይፈረድልህ ምን አስፏጨህ ብለው፣ “ጋሼ፣ ታየሁ እኮ” አለኝ።

እውነቱን ነው። የታየ ሰው ግማሹ ተፈርዶለታል። ለቀረው ግማሽ ማክሰኞ ተመልሰን እንሄዳለን።