ጠበሉም ይሰፈር

ሀጀራን የሐይቅ ከተማ ሰው «የሽንት ሹም» ይላታል። ቀልዱ ውሸት የለበትም፤ ነርስ ናት፣ በሽተኛ የጠጣውንና የሸናውን ስትሰፍር ነው የምትውለው። እናቷ ግን ስለ ልጃቸው ሥራ የጠየቀውን ሁሉ «መርፌ ትወጋለች» ይሉታል እንጂ ሽንቱን አያነሱም።

ጋሼ ሽታው ከአምባሰል ወደ ሆስፒታሉ ሲመጡ ልባቸው ደክሞ፣ ሰውነታቸው ያቆረው ውሃ እግራቸውን አሳብጦ ሳንባቸው ደርሶ ነበር። ጋደም ካሉ ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው ተቀምጠው ነው የሚያድሩት። ሐኪሙ ውሃ የሚያስወጣ መድኃኒት አዘዘ፣ የሚጠጡትንም መጠን ወሰነ። ሀጀራ ሻዩን ሰፈረች፣ ሾርባውን ሰፈረች፣ የሽንቱን ጠርሙስ ወደ መስኮት አንስታ አየች። ስፍሩ ልክ ነው፤ ሰውየው ግን እብጠታቸው ባሰ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ይኼ ነው ብላ ፈራች።

አንድ ጧት ከሰዓቷ ቀድማ ገባች። ሚስታቸው እትዬ ስህን ከነጠላቸው ሥር ሃይላንድ አውጥተው፣ በጣሳ እየቀዱ ባላቸውን ያጠጣሉ።

«እትዬ፣ ምንድን ነው እሱ?»

«የእስጢፋኖስ ጠበል ነዋ! በባዶ ሆድ ነው የሚጠጣ።»

«ከታዘዘው በላይ ውሃ እንዳይጠጡ ብዬ ነግሬዎት አልነበር?»

«ውሃማ መች አጠጣሁት!» አሉ እትዬ ስህን፣ ከልባቸው ተቀይመው። «ጠበል ውሃ ነው እንዴ አንች ልጅ?»

ሀጀራ ጣሳውን ተቀበለቻቸው። የገዛ እናቷም የመካውን ዘምዘም ከውሃ አይቆጥሩትም። ብትከለክል ሽማግሌው ተስፋ ይቆርጣሉ፤ ዝም ብትል በውሃው ይሞታሉ።

«አብሽሩ» አለች፤ «ጠበሉን አልከለክልም። ግን ወላሂ እሱም ይሰፈራል። የጠጡትን ያህል ከሻዩ እቀንሳለሁ።»

ጋሼ ሽታው ትንፋሻቸውን እንደምንም ሰብስበው «ሻዩ ይቅር» አሉ። «ሾርባውም ይቅር። ጠበሉን ስፈሪልኝ።»

ከዚያማ ሽንቱ መጣ! ጠርሙሱ ሞላ፣ ተደፋ፣ ደግሞ ሞላ። ሀጀራ ጠርሙሱን እንደያዘች «ሱብሃነላህ!» አለች። ያን ያህል ዘመን ስትሰፍር የኖረችው ነገር እንዲህ የሚያስደንቅ መሆኑን ገና ያኔ አየችው። ያቺ የደከመች ልብ ያን ሁሉ ውሃ ተሸክማ ስትመታ ነው የከረመችው።

እትዬ ስህን ይህን አላዩም፤ ልብስ ሊያጥቡ ወጥተው ነበር። ሲመለሱ ባላቸው በጀርባቸው ተዘርግተዋል። ከታመሙ ወዲህ ተጋድመው አይተዋቸው ስለማያውቁ «ወየው ሽታው!» ብለው ጮሁ።

ሀጀራ ሮጣ የእትዬ ስህንን እጅ ይዛ የሽማግሌው ደረት ላይ አኖረችው። ደረታቸው ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ። ጋሼ ሽታው ያንኮራፋሉ። እትዬ ስህን እጃቸውን አላነሱም፤ ሀጀራም አጠገባቸው ቆማ አለቀሰች።