የጋሼ ግርማ የክርስትና ስም

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ሲግናል

መኪናውን ይዞ የመጣው ከድር ክላክስ አላደረገም። ጎረቤት ተኝቷል ብሎ በስልክ ነው የጠራኝ። ስወጣ አባዬ ጋቢውን ደርቦ፣ ምርኩዙን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ጉዞ አለ ከተባለ ግን ቤቱን ሁሉ ቀድሞ ይነሳል።

የከተማችንን ዙሪያ ተራሮች አንድ በአንድ እየወጣሁ እንደምጽፍ የዚህ ዓምድ አንባቢዎች ታውቃላችሁ። የዛሬው ተራ የእንጦጦ ነው። ለአባዬም የነገርኩት ይሄንኑ ነው፤ እኔ እጽፋለሁ፣ አንተ ንጹሕ አየር ታገኛለህ፣ በዚያውም ወሩ አንድ ብሎ የገባበት ቀን ስለሆነ ራጉኤልን ትሳለማለህ። ዋሽቻለሁ። ማለቴ፣ ግማሹን ዋሽቻለሁ።

እውነቱ ይሄ ነው። የአባዬ ታናሽ ወንድም፣ ጋሼ ግርማ፣ አርባ ምንጭ ላይ ሞቷል። አምስት ሳምንት ሆነው። አባዬ አልተነገረውም። ልቡ ድንጋጤ እንደማይወድ ሐኪሙ ስለነገረን፣ ወንድሜ፣ እህቴና እኔ ተሰብስበን መርዶው ይቆይ አልን። እኔ በመሥሪያ ቤቴ ዕቅድ ክፍል ነው የምሠራው፤ መርዶውንም እንደ ሥራ ያዝኩት። ማን ይናገራል፣ ማን አጠገቡ ይቀመጣል፣ መድኃኒቱ በማን ቦርሳ ይሆናል፤ ሁሉም በሠንጠረዥ ተቀምጧል።

አንድ ነገር ግን ከሠንጠረዡ አመለጠኝ። ለአባዬ "ሐዋሳ ለሥራ" ብዬው ቀብሩ ላይ ስገኝ፣ ፍትሐት ሊያደርሱ የመጡት ቄስ የጋሼን የክርስትና ስም ጠየቁ። ለሟች የሚጸለየው ሲጠመቅ በወጣለት ስም እንጂ በመጠሪያው አይደለም። ጋሼ አላገባም፣ ልጅም የለውም። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ፤ የተማረችው የአዲስ አበባ ዘመድ እኔ ነኛ! "አላውቅም" ማለት አፈርኩ። ሚካኤልን ይወድ ስለነበር "ወልደ ሚካኤል" አልኩ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ጋሼን በራሴ ፈጠራ ስም አስቀበርኩት።

የፊታችን ሐሙስ አርባው ነው። ጸሎቱን ራጉኤል የሚያገለግሉት የንስሐ አባታችን ያደርሱታል። ትክክለኛውን ስም ሊያውቅ የሚችል በሕይወት ያለ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ የወንበር ቀበቶው አልገባ ብሎት ከከድር ጋር እየታገለ ነው። የእኔ ሥራ የወንድሙን ሞት ሳያውቅ ስሙን ከአፉ ማውጣት ነው።

12:30፣ ከቀበና ወደ ስድስት ኪሎ

መንገዱ ሰፍቷል፤ የእግረኛው ንጣፍ ገና ተጠርጎ እርጥብ ነው። የብርቱካን ቀለም ሰደርያ የለበሱ ጠራጊዎች ጠርዙ ላይ ተደርድረው ዳቦ በሻይ እየበሉ ነው። ታክሲዎች ነቅተዋል። የከድር ቪትዝ ሬድዮዋ አይሠራም፤ ለወሬ አመቺ ናት።

"አባዬ፣ ጋሼን ጉልበቱን አሞታል አሉ" አልኩ።

"ማን አለ?"

"አንድ ሰው ነው፤ ከዚያ የመጣ።"

"ስልኩስ?"

"ኔትወርክ አስቸግሯል። የክርስትና ስሙን ንገረኝና ለአባ እሰጣቸዋለሁ፤ ይጸልዩለት።"

አባዬ የመኪናውን መስታወት በጋቢው ጫፍ ወለወለና ወደ ውጭ አየ። "እንደርሳለን" አለ።

ከድር ጉንፋን ሳይኖርበት ጉሮሮውን ጠረገ። አሥራ አምስት ዓመት አጥር ተጋርተን የኖርን ጎረቤት ነው፤ ምስጢሩንም ያውቃል። በመኪናው መስታወት አይቶኝ ቅንድቡን ከፍ አደረገ።

1:10፣ ከሽሮ ሜዳ በላይ

የሐበሻ ልብስ ሱቆቹ መዝጊያቸውን እያነሱ፣ ጥልፍ ቀሚሶቹን አንድ በአንድ እየሰቀሉ ነው። ከዚያ ወዲያ ዳገት ብቻ። ቪትዟ በአንደኛ ማርሽ ታቃስታለች። የባሕር ዛፉ ሽታ በመስኮት ይገባል። ስፖርተኞች ላባቸው እየተነነ ቁልቁል ይሮጣሉ፤ ቅጠል የተሸከሙ ሴቶችም ጎብጠው ይወርዳሉ፤ ማናቸውም ቀና ብለው አያዩንም።

አባዬ "አንድ ጊዜ ልውረድ" ብሎ ከዛፎቹ ኋላ ሄደ። ከድር ሞተሩን አጠፋ።

"ሰኒ፣ ልናገር?"

"ተናገር።"

"እኛ ጋ ሰው ከሞተ በዕለቱ ነው። ይነገራል፣ ይታጠባል፣ ይሰገድበታል፣ ይቀበራል። እናንተ መርዶውን ፍሪጅ ውስጥ ታስቀምጡታላችሁ።"

"ልቡ ነው ከድሬ። ሐኪሙ ብሏል።"

"ሐኪሙ አታስደንግጡት አለ እንጂ አትንገሩት አለ?"

"አንተ መንገዱን እይ" አልኩት፤ መኪናዋ ቆማለች።

አባዬ ተመልሶ አልገባም፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ከተማዋን ያያል። ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። ቀጭን ጉም ከሕንጻዎቹ መሃል ገና አልተነሳም። በምርኩዙ ወደ ግራ አመለከተ።

"ሲግናል በዚያ በኩል ነው። ቤታችንን ለይተሽ ታያለሽ?"

"አይታይም አባዬ። ሩቅ ነው።"

"አርባ ዓመት የኖርኩበት ቤት እኮ ነው" አለና ሳቅ ብሎ ወደ መኪናው ሄደ። እጄን ያዘኝ። እጁ ይሞቃል፤ እኔ ነኝ የበረደኝ።

1:45፣ እንጦጦ ራጉኤል

ወደ ፓርኩ የሚገቡት ወጣቶች ብስክሌታቸውን ይዘው ወደ ሌላው አቅጣጫ ታጠፉ፤ እኛ ነጠላ የለበሰውን ሕዝብ ተከተልን። በሩ ላይ አንዲት ጧፍ ሻጭ ከጎኗ ካለችው ጓደኛዋ ጋር በኦሮምኛ ስታወጋ ቆይታ እኛን ስታይ ወደ አማርኛ ዞረች፤ "አባቴ፣ ጧፍ፤ አንዱ ሃያ ብር።" አባዬ ሁለት ገዛ። ባለ ስምንት ማዕዘኑ ቤተ ክርስቲያን ከጽዶቹ መሃል ባለ ቀለም ሰገነቱን ይዞ ቆሟል። ቅዳሴው ተጀምሮ በድምፅ ማጉያ ይሰማል።

ከድር "እኔ እዚህ እጠብቃለሁ፤ ለኔም ይሳለሙልኝ አባባ" ብሎ መኪናው ጋ ቀረ። አባዬ ግድግዳውን ተደግፎ ቅዳሴው እስኪያልቅ ድረስ ቆመ። ተቀመጥ ብለው እንቢ አለ። እኔ ቅዳሴውን እየሰማሁ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ስሙን በምን ብልሃት እንደማወጣው ሳሰላ ነበር።

3:20፣ ከቅዳሴ በኋላ

አባ አጭር፣ ቀጭን፣ ሲስቁ ዓይናቸው የሚጠፋ ሽማግሌ ናቸው። "ተስፋዬ፣ እንዴት ሰነበትክ?" ብለው ለአባዬ መስቀላቸውን ሰጡት፤ እኔም ተሳለምኩ። ከዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡና የንስሐ ልጆቻቸውን ስም የጻፉበትን ደብተር አወጡ። እኔም "ስለ ሕሙማን" ብዬ ያዘጋጀሁትን ወረቀት አወጣሁ።

"አባ፣ ስለ ወንድሜ ነው" አለ አባዬ፤ ቀደመኝ። "ሰናይት ከሕሙማን ጋር ልታስጽፈው ነው። እርስዎ ከሞቱት ጋር ይጻፉልኝ።"

"አባዬ!"

"ምን አባዬ ትያለሽ? ግርማ ሃያ ዓመት ሙሉ እሑድ ሳይደውል ውሎ ያውቃል? ይኸው አምስት እሑድ ዝም አለ። አምስት ሳምንት ሙሉ ኔትወርክ የሚጠፋው አርባ ምንጭ ነው ወይስ ባሕር ውስጥ?"

"እኛ እኮ..."

"ደግሞ እናንተም ስለሱ ማውራት ተዋችሁ። በግርማ ቀልድ ሳትስቁ እራት በልታችሁ ታውቃላችሁ? ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"እየተንሾካሾካችሁ ስትለፉ አይቼ አዘንኩላችሁ።"

አፈርኩ። ደግሞም እንደዚያች ደቂቃ ወድጄው አላውቅም። አምስት ሳምንት ብቻውን፣ እኛን ላለማሳፈር፣ ሐዘኑን ዋጥ አድርጎ ራት ሲበላ ከርሟል። ሠንጠረዡን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

"እሺ አባዬ፤ አሁን ሁሉም ከወጣ፣ የክርስትና ስሙን ንገረን።"

አባዬ መሬቱን በምርኩዙ ጫረ። "አላውቀውም" አለ።

"እንዴት አታውቀውም?"

"ሲጠመቅ አምስት ዓመቴ ነበር። እናቴ ይዛኝ ሄዳለች። እኔ የማስታውሰው ድፎ ዳቦውን ነው፤ ትልቅ ነበር። ስሙን የምታውቀው እሷ ነበረች፤ ሳልጠይቃት ሞተች። ግርማ ስለው አቤት ይለኛል፤ ሌላ ስም ምን ያደርግልኛል ብዬ ነው? መሞቱን ካወቅሁ ወዲህ ግን ስሙን እያሰብኩ ሌሊቱን ስገላበጥ ነው የማነጋው። ዛሬም የመጣሁት አባ ብልሃት ይነግሩኛል ብዬ ነው።"

በዚያን ጊዜ መዝገብ የሚይዝ አልነበረም። የሚጠየቅ ሰውም የለም። ያኔ የቀብሩን ነገር ሁሉ ዘረገፍኩት፤ ለቀስተኛው ዞሮ እንዳየኝ፣ ማፈሬን፣ ወልደ ሚካኤልን። አባዬ አፍጥጦ አየኝና ሳቁን ለቀቀው። ሳል እስኪያቋርጠው ሳቀ።

"ወልደ ሚካኤል! ግርማ ቢሰማሽ እኮ ዓመቱን ሙሉ ያወራው ነበር!"

እኔ አልሳቅሁም። "አባ፣ ሐሙስ ማን ብለው ሊጠሩት ነው? በሌላ ሰው ስም ተጸለየለት፣ አሁን ደግሞ ጭራሽ ስም የለውም። ጸሎቱ እንዴት ይደርሰዋል?"

"ሰናይት፣ አንቺን ያጠመቅሁሽ እኔ ነኝ አይደል?"

"አዎ አባ።"

"የክርስትና ስምሽን አሁን ብትጠይቂኝ ደብተሬን ሳላይ አልነግርሽም። ያወጣሁልሽ እኔ ራሴ ነኝ፣ ረስቼዋለሁ። ሰው እንዲህ ነን ልጄ። ስም የምንጠራው እግዚአብሔር በሰው እንዳይሳሳት ብለን መሰለሽ? እኛ እንዳንረሳ ነው። ግርማ ሲጠመቅ ስሙን የሰማ አንድ አለ፤ እሱ አይሞትም፣ አይረሳም። አርባ ምንጭ ላይ ያልሽውንም ሲሰማ ስለ ማን እንደምታወሪ አላጣውም።"

"ይቅር ይለኛል?"

"ለዋሸሽው ንስሐ እሰጥሻለሁ፤ እሱ አይቀርልሽም" አሉና ዓይናቸው እስኪጠፋ ሳቁ። ከዚያ በሞቱት ገጽ ላይ ቀስ ብለው ጻፉ። አንገቴን አስግጌ አነበብኩ፦ "ስሙን አንተ የምታውቀው ባሪያህ፣ የተስፋዬ ወንድም።" እኛ ቢሮ እንዲህ የተሞላ ቅጽ ተመላሽ ይደረጋል። እዚያ ድንጋይ ላይ ግን ከአምስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዬ ቀለለኝ፤ እኔ የማላውቀው ነገር በሚያውቀው እጅ ነው ያለው።

አባዬ ተነሳ። "በሉ እንውረድ። ሰናይት፣ ቤት ስንደርስ ትነግሪኛለሽ።"

"ምኑን?"

"መርዶውን ነዋ።"

"ታውቀው የለም እንዴ!"

"አውቃለሁ። ግን ማን ነገረኝ? ሳይነገረኝ፣ ጎረቤት ሳይሰማ፣ ብቻዬን ተነስቼ ባለቅስ አብዷል አትሉኝም? አምስት ሳምንት ሙሉ እንባዬን ይዤላችሁ ነው የተቀመጥኩት።"

5 ሰዓት፣ ሲግናል

ቁልቁለቱን ስንወርድ ለወንድሜና ለእህቴ ደውዬ "አሁኑኑ ኑ" አልኳቸው። ከእኛ ቀድመው ደርሰው በር ላይ ቆመዋል፤ የእህቴ ፊት አመድ መስሏል። ከድር መኪናዋን አቁሞ ወደ ቤቱ አልገባም፤ ጫማውን አውልቆ ተከትሎን ገባ።

አባዬ ክኒኑን በውሃ ዋጠ። ሶፋው ላይ ተቀመጠ፣ ምርኩዙን ጎኑ አስቀመጠ፣ ጋቢውን አስተካከለ። እንግዳ የሚቀበል ይመስላል።

"በይ" አለኝ።

ለዚህች ሰዓት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ አንድ ገጽ ሙሉ፣ ከመግቢያው እስከ ማጽናኛው። ወረቀቱን ከቦርሳዬ አላወጣሁትም። እግሩ ሥር ተንበርክኬ ጉልበቱን ያዝኩ።

"አባዬ፣ ጋሼ ግርማ ሞቷል።"

አባዬ ልክ ያን ጊዜ የሰማ ሰው ሆኖ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። "ወንድሜን!" ብሎ ጮኸ፤ ድምፁ ግቢውን አልፎ ወጣ። የጎረቤት በሮች ሲከፈቱ ሰማሁ።