ሰው ሳይሞላ የማይሄደው ፈረስ

ነገሩ የሆነው አምና ጥር፣ እንጅባራ ላይ በፈረሰኞች በዓል ቀን ነው። እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ሳቅም ፍርሃትም አንድ ላይ ይመጡብኛል።

እኔ እዚያው እንጅባራ፣ ከቆሰበር ገበያ ወደ ጥርባ መንገድ ጋሪ እነዳለሁ። ጋሪው የኔ ነው፤ ፈረሱ ዳማ ግን ጋሽ ስማቸው የሚባሉ ሰው ንብረት ነው። እኔ አበላዋለሁ፣ ሲያመው አብሬው አድራለሁ፤ የተገኘውን እኩል እንካፈላለን። ጋሽ ስማቸው እስከዚያ ቀን ዳማ ላይ ወጥተው አያውቁም።

በዓሉ ሲቃረብ መጡ። «ፈረሴ ጋሪ ሲጎትት ማየት አሳፈረኝ። በበዓሉ እወጣበታለሁ፤ ከዚያ ወዲያም ወደ ጋሪ አይመለስም» አሉኝ። ፈረስ የሌለው ጋሪ ጣውላ ነው፤ ልጆቼ ደግሞ ጣውላ አይበሉም። ለመንኳቸው። «ንብረት የባለቤቱ ነው» ብለው ፈረሱን ይዘው ሄዱ።

በበዓሉ ቀን ዳማ በመርገፍ አጊጦ፣ ጋሽ ስማቸው ነጭ ለብሰው፣ ከፈረሰኞቹ ጋር ገበያው ጋ ደረሱ። እዚያ ዳማ ቀጥ አለ። ተሳፋሪ የምንጠብቅበት ቦታ ነው። ሰው ጋሪው ላይ እየወጣ ሳለ ተንቀሳቅሶ እንዳይጥለው ብዬ፣ «ሞላ!» ካላልኩ እንዳይነቃነቅ አስለምጄዋለሁ።

በተረከዛቸው መቱት፣ በአለንጋ ገረፉት። ዳማ ሰው ይጠብቃል። ከኋላ ያሉት ፈረሰኞች መንገድ ተዘጋባቸው። ደንበኛዬ እትዬ ጥሩዬ ድንቿን አዝላ መጣችና «ጋሽ ስማቸው፣ ዛሬ እርስዎ ነዎት የሚነዱት?» አለቻቸው። የምሯን ነበር።

«ሞላ ይበሉት!» አለ አንዱ። አሉት። ዳማ ጆሮውን ወደ እሳቸው አዞረ፤ እግሩን ግን አላነሳም።

ያኔ እኔን አዩኝ። «አንተ፣ ና ንገረው!»

ቀረብኩ። «ጋሼ፣ ከበዓሉ በኋላስ?»

«አሁን የዚህ ሰዓት ነው?»

«ለኔ ነው።»

ላባቸውን ጠረጉ። «ወደ ጋሪው ይመለሳል! በሰው ፊት ተናግሬያለሁ። በል ንገረው!»

«ሞላ!» አልኩ። ዳማ ሄደ። እኔም እስከ ሜዳው ድረስ አጠገባቸው ሮጥኩ፤ መንገዱ ላይ መቆሚያ ብዙ ነው።

ዳማ ወደ ጋሪው ተመልሷል፤ ዛሬም የሳቸው ነው። ግን ከዚያ ወዲህ ቀና ብዬ ነው የማናግራቸው፤ ይኼ ደስ ይለኛል። በቀደም ሳር ይዤ ስመለስ፣ ጋጣው በር ላይ ቆመው የኔን ድምፅ እያስመሰሉ «ሞላ! ሞላ!» ሲሉ አገኘኋቸው።

ዳማን ሌላ ቃል ማስለመድ ጀምሬያለሁ።