መቱ የቀበርናት

ተወልጄ ያደግሁት መቱ ነው። አዋላጅ ሆኜ የተቀጠርኩት ግን ከኢሉባቦሯ ቡሬ ቁልቁል ተወርዶ በሚገኘው ቆላ፣ ከደቡብ ሱዳን የተሰደዱ ሰዎች በሰፈሩበት መጠለያ ጣቢያ ነበር። እነሱ ለአገሩ እንግዳ ነበሩ፤ እኔ ደግሞ ለቋንቋቸው።

አንድ ክረምት ምጥ የጠናባት ሴት አመጡልኝ። ልጁ በአግድም ተኝቷል፤ በእኔ እጅ የሚሆን አልነበረም። ታላቅ እህቷን አስከትለን በአምቡላንስ ወደ መቱ ወጣን። እህትየዋ ከጣቢያው ገበያ የለቀመቻት ትንሽ አማርኛ ነበረቻት። ቡሬ ስንደርስ ጭጋጉ መንገዱን ሸፈነው። ሁለቱም እንዲህ ያለ ብርድ አያውቁም፤ ተቃቅፈው ሲንቀጠቀጡ ጋቢዬን ደረብኩላቸው።

"ሩቅ ነው?" ትለኛለች እህትየዋ በየመታጠፊያው።

"ደረስን፣ እህቴ።"

አልደረስንም ነበር።

መቱ ሐኪሞቹ ቀዶ ሕክምና አደረጉላት። ወንድ ልጅ በሕይወት ወጣ። የእናትየው ደም ግን አልቆም ብሎ በማግስቱ ረፋዱ ላይ አረፈች።

እህትየዋ አላለቀሰችም። "ባሏ ጋ እንውሰዳት" አለችኝ። በዚያ ሰሞን ወደ ቆላ የሚወስደው መንገድ በጸጥታ ችግር ተዘግቶ ነበር። እዚሁ እንቅበራት ስላት ፊቷን አዞረችብኝ።

"እዚህ ማን ያውቃታል?"

እናቴ ቤት ይዣት ሄድኩ። እናቴ በድርቁ ዘመን ከወሎ ተጭነው ኢሉባቦር ከሰፈሩት አንዷ ናት። የመጀመሪያ ልጇን የቀበረችው በሰፈራው ጫካ ውስጥ ነው፤ ቦታው ዛሬ የማን ማሳ እንደሆነ አታውቅም። የሆነውን ስነግራት ምንም ሳትጠይቀኝ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰችና ወደ እድራችን ዳኛ ተነሳች።

"እትዬ፣ አባል ላልሆነ ሰው ድንኳን አናወጣም፤ ደንብ ነው" አሏት።

"ድንኳን ማን ጠየቀ፣ ጋሼ? ቆፋሪ ይስጡኝ።"

ቆፋሪ ሰጡን። ሟቿ የእምነቱ ተከታይ ስለነበረች በፕሮቴስታንቶቹ መካነ መቃብር ቦታ ተፈቀደልን። ዝናብ እየወረደብን ጥቂት ሆነን ቆምን። እናቴ አይታት የማታውቃትን ሴት አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ "ልጄ" እያለች ደረቷን መታች። እህትየዋ ድምፅ አውጥታ ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው።

መንገዱ ሲከፈት ሕፃኑን ይዘን ወረድን። ባልየው ወሬው ቀድሞ ደርሶት የጣቢያው በር ላይ ቆሟል። ልጁን ከእጄ ተቀበለና በእህትየዋ በኩል ጠየቀኝ፦

"ማን አለቀሰላት?"

"እናቴ" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ።

ሕፃኑ በዱቄት ወተት ጥቂት ወራት ከረመ። ጉንጮቹ ሞላ ሲሉ ይተርፋል ብዬ ነበር፤ ከዚያ ተቅማጥ ያዘው፣ ያደረግንለት ሁሉ አልሠራም። አባቱ ከጣቢያው ጀርባ ሲቀብረው አጠገቡ ቆሜያለሁ። እህትየዋ ወደ ደጋው፣ ከቡሬ ተራሮች ማዶ እናቱ ወዳለችበት እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ወደ ትንሿ ጉድጓድ።

"ለየብቻ" አለችኝ። ሌላ አማርኛ አልመጣላትም።