በሳሙና የታጠበው ቅል

ልጅ እያለሁ የንጽሕና ነገር አናቴ ላይ ወጥቶ ነበር። ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር፣ አምስተኛ ክፍል ነኝ፤ የትምህርት ቤታችን የንጽሕና ክበብ ጸሐፊ። መምህራችን ጀርም የሚባል በዓይን የማይታይ ጠላት እንዳለ ከነገሩን ወዲህ ቤት ውስጥ ያላጠብኩት የአባቴን ሬዲዮ ብቻ ነው። እናቴ "ይቺ ልጅ አንድ ቀን እኛንም አጥባ ገመድ ላይ ታሰጣናለች" ትል ነበር።

ጎረቤታችን አዴ ዘይነባ እርጎ አዋቂ ነበሩ። ቅላቸውን በወይራ ጭስ ሲያጥኑ ሽታው አጥር ዘልሎ እኛ ቤት ይገባል። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው፤ ቅሉን ሳሙና ነክቶት አያውቅም፤ እርጎው ሲያልቅም ከሥሩ ትንሽ አሮጌ ይተዉበታል። አንድ ሐሙስ ገበያ ሲሄዱ፣ ላስደስታቸው ብዬ፣ ያቺን ትራፊ ደፋሁና ቅሉን በዱቄት ሳሙና ሦስት ጊዜ ፈትጌ አጠብኩት። አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ውስጡ አይታይም፤ እሳቸውም እንደተመለሱ የዕለቱን ወተት ገለበጡበት።

ቅዳሜ ጠዋት ሲከፍቱት ወተቱ ሳይረጋ ተበላሽቷል። እሑድ ደግሞ ለልጃቸው ሽማግሌ ሊመጣ ነው፤ ያለዚያ እርጎ እንግዳ ተቀብለው አያውቁም። ንዴታቸው ለሰፈሩ ወተት በሚያመጡት አዛውንት፣ በአባ ጀማል ላይ ወረደ።

"ውሃ ጨምረውበታል። ከእንግዲህ ደጄን እንዳይረግጡ።"

"ወላሂ፣ እንደታለበ ነው ያመጣሁት" አሉ አባ ጀማል። ጎንበስ ብለው ዕቃቸውን ሲያነሱ ሳይ መሃላቸው ገባሁ።

"ቅሉን እኔ ነኝ ያጠብኩት። በሳሙና። ጀርም እንዳይኖርበት ብዬ።"

አዴ ዘይነባ በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ። "እርሾውን ሳገባ ከእናቴ ቤት ይዤው የመጣሁት እኮ ነው" አሉ ቀስ ብለው። የእናታቸውን አደራ ገደልኩባቸው ማለት ነው። ማልቀስ ጀመርኩ። እሳቸው ግን መጀመሪያ ወደ አባ ጀማል ዞረው "አውፍ ይበሉኝ" አሉ፤ ከዚያ እጄን ይዘው ሚኒባስ ላይ አሳፈሩኝ።

ሰርቦ ከተማ፣ እህታቸው ጋ ነው የሄድነው። እህትየው ስትዳር ከዚያው ቅል ተከፍሎላት ነበር። ጉዴን ስትሰማ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ "ኮቱ፣ ኮቱ" እያለች አስገብታ አበላችን፤ ከእርጎዋም በትንሽ ቅል ሰጠችን። እስከ ጅማ ጉልበቴ ላይ አቅፌው፣ መኪናው በዘለለ ቁጥር እኔም ትንፋሼን እየዋጥኩ መጣሁ።

"ውስጡ ምንድን ነው ያለው?" አልኳቸው።

"ነፍስ ያለው ነገር ነዋ። ወተት ይበላል፣ ሙቀት ይወዳል፤ ከተውሽው ይሞታል።"

"ጀርም ነው?"

"ስሙን አላውቅም ልጄ፤ ሥራውን ነው የማውቀው።"

ማታውኑ አባ ጀማል ባመጡት ትኩስ ወተት ላይ ጨመሩት፤ እሑድ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ እርጎው ረግቶ ጠበቃቸው፤ ልጅቷም ኋላ ተዳረች። ሰኞ በትምህርት ቤታችን ሚኒሚዲያ ስለ ደግ ጀርሞች የጻፍኩትን አነበብኩ። ሰልፉ ሁሉ ሳቀብኝ፤ መምህራችን ግን ጽሑፉን ተቀብለው ዳግመኛ አነበቡትና "በሚቀጥለው ሳምንትም ጻፊ" አሉኝ። ያን ቀን እግሬ መሬት አልነካም።

ይኸው እስከ ዛሬ እጽፋለሁ። የሰው ሆድ ውስጥ ስለሚኖሩ ረቂቅ ነፍሳት አጠናለሁ፤ ያገኘሁትንም እናቴ በምትረዳው አማርኛ ለጋዜጣ አዘጋጃለሁ። አሁን ስማቸውን አውቃለሁ፤ ሥራቸውን ግን ገና እየተማርኩ ነው። ያኔ ጀርሞቹን የሚጠብቃቸው ዘመድ ነበር፤ አሁን በቤተ ሙከራችን ያሉትን የሚጠብቃቸው መብራት ሲጠፋ የሚንጫጫ ማቀዝቀዣ ነው።

አዴ ዘይነባ ካረፉ ቆይተዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ከእርጎአቸው የተከፈለው ግን እኔ ቤት በጠርሙስ ይረጋል። የሥራ ባልደረቦቼ ሲለምኑኝ አልሰስትም። ከመካከላቸው የአንዷ ልጅ ንጽሕና አናቷ ላይ የወጣባት ናት አሉ፤ እሷ ቤት ለሚሄደውማ ሁልጊዜ ሁለት ጠርሙስ እሰጣለሁ፤ እናትየው አንደኛውን ጎረቤት ጋ እንድታስቀምጥ።