«የታቦቱ ነው» የተባለ ቤት

አባቴ «የኔ» ሲል ሰምቼው አላውቅም። ጎንደር ውስጥ የአንድ ደብር መሪጌታ ነበር። ላሟን «የታቦቱ ናት» ይላል፤ ጓሮውን «የታቦቱ ነው» ይላል፤ እኛን ልጆቹን እንግዳ ሲያመሰግነን እንኳ «የታቦቱ ናቸው» ይላል። በደብር አጥር ሥር ያደገ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚናገረው፤ የኔ ማለት ትዕቢት ነው። እኔን ግን ያች ትሕትና ዛሬም ታናድደኛለች።

ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት በኋላ ከፒያሳ የሚወርደው መንገድ ይሰፋል ተባለ። አንድ ቀን ጠዋት የመንገዱ ሰዎች ሁለት ሆነው ግቢያችን ገቡ። አንዱ እየለካ ችካል ይተክላል፤ ሌላው፣ ካኪ የለበሰው ጸሐፊ፣ መዝገብ ይዟል። ችካሉ የእናቴን ጌሾ መሀል ለመሀል አልፎ ከቤቱ ግድግዳ ሥር ደረሰ።

«መሪጌታ፣ ይህ ቦታ የማን ነው?» አለ ጸሐፊው።

«የታቦቱ ነው» አለ አባቴ፣ እንደ ልማዱ።

ጸሐፊው ጻፈ። ጠላ የቀዳሁላቸው እኔ ነኝ፤ ጠጥተው አመስግነው ሄዱ።

ነገሩ የገባን ቤቱ ሊፈርስ ሳምንት ሲቀረው ነው። ምትክ ቦታ የሚሰጠው ለባለቤቱ ነበር፤ በመዝገቡ ላይ ደግሞ ባለቤቱ ደብሩ ነው። እኛ እንዲሁ እዚያ የተቀመጥን ሰዎች ሆነን ቀረን።

እናቴን እንደዚያን ቀን ተቆጥታ አይቻት አላውቅም። «ምነው ዝም አሉ? አያትዎ ቦታውን ሲገዙ ውሉ ከነምስክሩ በደብሩ ወንጌል ዳር ተጽፏል። ወንጌሉን አስወጥተው ያሳዩዋቸው እንጂ።»

«አንዴ የታቦቱ ነው ያልሁትን መልሼ የኔ ነው ልበል? ከታቦት ጋር ልሟገት?» አለ። መሳሳቱን ያውቃል፤ ግን አልሄደም። ወንጌሉ ከቤታችን መቶ እርምጃ በማይርቀው በደብሩ ዕቃ ቤት እንደተዘጋ ቀረ።

ቤቱ ከምሳ በፊት ፈርሶ አለቀ። እናቴ የድንጋይ ወፍጮዋን ለሰው አልሰጥም ብላ፣ እኔና እሷ እያንከባለልን ወሰድነው። ከአንዲት መበለት ጓሮ አንድ ክፍል ተከራየን። በገባን ዕለት ሴትዮዋ በሩ ላይ የተቀመጠውን ወፍጮ አይታ «ይህ የማን ነው?» አለች። አባቴ ሊመልስ አፉን ከፈተ።

«የኔ ነው» አለች እናቴ ቀድማው።

አባቴ አፉን መልሶ ገጠመ። እስኪሞት ድረስ «የታቦቱ ነው» ሲል ዳግመኛ አልሰማሁትም።